ፋብሪካ የተወው የመስታወትና የበር ጎማ፦ እንደገና ማምረቱ ያዋጣል?

በአዲስ አበባ የአሮጌ መኪና ዋጋ በዕድሜው ልክ አይወርድም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ከውጭ ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ በብር ሲሰላ ዋጋው አሻቀበ። በእነዚህ ዓመታት አገር ውስጥ የነበረ መኪና እየተጠገነ እንዲኖር እንጂ እንዲጣል የሚገፋ ነገር አልተፈጠረም።

የጥገና ወሬ ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ ሞተርና ስለ ላሜራ ነው። ነገር ግን አርባና ሃምሳ ዓመት ያስቆጠረች ቮልስዋገን፣ ፔጆ ወይም ላዳ ላይ ቀድሞ የሚሞተው ብረቱ ሳይሆን ጎማው ነው። እዚህ ላይ ጎማ ሲባል እግሯ ላይ የሚገጠመው ሳይሆን ፓራብሬዛውን የያዘው፣ በሩን ዙሪያውን የሚያሽገው፣ የኮፈኑንና የሻንጣውን ጠርዝ የሚዘጋው፣ እንዲሁም በፍሬን ሲሊንደር ውስጥ የተቀመጠው ማሸጊያ ጎማ ነው። ዕቃው ከመኪናዋ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ሲበላሽ የሚያስከትለው ወጪ ግን ትንሽ አይደለም። በፓራብሬዛ ጎማ ሥር የገባ የክረምት ዝናብ በምንጣፉ ሥር ተኝቶ ወለሉን ይበላል። ከዓመት በኋላ ባትላሜራውና ቀለም ቀቢው የሚጠይቁት ሂሳብ ከጎማው ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይሆንም።

የዚህ ዕቃ ገበያ ልዩ የሚሆነው ብዙዎቹን ጎማዎች የመጀመሪያው ፋብሪካ ማምረቱን በማቆሙ ነው። በመሆኑም ሌላ ሰው እንደገና ሠርቶ ይሸጣቸዋል። ሥራው ትርፍ አለው፤ ኪሳራም አለው። ሁለቱን የሚለያያቸው ምን እንደሆነ ማወቅ ለአስመጪውም፣ ለቸርቻሪውም፣ ለደላላውም ጠቃሚ ነው።

ፋብሪካው ለምን ያቆማል?

የመኪና ፋብሪካ መለዋወጫ የሚያመርተው መኪናውን እስከሸጠና ከዚያም በኋላ ገበያው እስከፈለገ ድረስ ነው። ቮልስዋገን ቢትልን እንደ ምሳሌ ብንወስድ፣ በጀርመን አገር ማምረት ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን በሜክሲኮ ፑዌብላ ግን እስከ ሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ቀጥሏል። በጠቅላላው 21,529,464 ቢትሎች ተመርተዋል። ይህን ያህል ብዛት ያለው መኪና ጎማው ቢቋረጥም አምራች አያጣም። የላዳ የቀድሞ ሞዴሎች ምርትም እ.ኤ.አ. በ2012 አብቅቷል። በብዙ አገር ታክሲ ስለነበሩ ዕቃቸው አሁንም ይፈለጋል።

ችግሩ የሚብሰው በቁጥር አነስተኛ በሆኑት መኪኖች ላይ ነው። የጎማው ቅርጽ ማውጫ የመኪና ፋብሪካው ሳይሆን የጎማ አቅራቢው ድርጅት ዘንድ ይቀመጣል። ትእዛዝ ሲቋረጥ ብረቱ ይዝጋል፣ ይቀልጣል፣ ወይም ድርጅቱ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ጎማውን የፈለገ ሰው ከዜሮ መጀመር አለበት።

ትልልቆቹ ኩባንያዎችም ገበያውን ዘግይተው አይተውታል። መርሴዲስ ቤንዝ በጀርመን ፌልባክ የአሮጌ መኪኖች ማዕከሉን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ቶዮታ በበኩሉ የተቋረጡ መለዋወጫዎችን እንደገና የማምረት ፕሮግራሙን እ.ኤ.አ. በ2020 ጀምሮ፣ በ2021 ላንድክሩዘር 40ን ጨምሮበታል። ለነጋዴው ይህ ሁለት መልእክት አለው። አንደኛ፣ ፍላጎቱ እውነተኛ ነው። ሁለተኛ፣ ዛሬ የጠፋ የተባለ ዕቃ ነገ ከራሱ ከባለቤቱ ሊመጣ ስለሚችል ብዙ ገንዘብ ከማውጣት በፊት አምራቹ እንደገና መጀመር አለመጀመሩን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጎማ ለምን ያረጃል?

ጎማ ከድኝ ጋር ተሞቆ የሚጠነክርበትን ዘዴ አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ደረሰበት። ከዚያ ወዲህ ቁሱ ብዙ ቢሻሻልም ጠላቶቹ አልተለወጡም። እነርሱም ፀሐይ፣ ሙቀት፣ ዘይትና በአየር ውስጥ የሚገኘው ኦዞን ናቸው። ኦዞን የሚያጠቃው በተለይ የተወጠረውን የተፈጥሮ ጎማ ሲሆን፣ በመስታወት ጎማ ማዕዘን ላይ የሚታዩት ጥቃቅን ስንጥቆች አብዛኛውን ጊዜ የእርሱ ሥራ ናቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝም የፀሐዩ አልትራቫዮሌት ጨረር ከቆላው ይበልጥ ብርቱ ነው።

የድሮዎቹ መኪኖች በአብዛኛው ከፋብሪካ የወጡት በተፈጥሮ ጎማ ወይም ለእርሱ ቅርብ በሆነ ሰው ሠራሽ ጎማ ነበር። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ኢፒዲኤም የተባለው ሰው ሠራሽ ጎማ እየተስፋፋ መጣ። ይህ ቁስ ኦዞንን፣ ፀሐይንና ዝናብን በደንብ ስለሚቋቋም ዛሬ ለበርና ለመስታወት ማሸጊያ ተመራጭ ነው። አንድ ድክመት ግን አለው፤ ቤንዚንና የሞተር ዘይት ሲነካው ያብጣል። ኤንቢአር ወይም ናይትራይል የሚባለው ደግሞ በተቃራኒው ዘይትና ነዳጅ የሚችል ሲሆን ኦዞንና ፀሐይ ግን ይጎዱታል። በመሆኑም ለሁሉም ቦታ የሚሆን አንድ ጎማ የለም። «ጥሩ ጎማ ነው» የሚል ሻጭ ሲገኝ ገዢው ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት «ለየትኛው ቦታ?» የሚለውን ነው።

ሁለት የአሠራር መንገዶች

እንደገና የሚመረት ማሸጊያ ጎማ በሁለት ዋና መንገዶች ይሠራል። የመጀመሪያው እንደ ፓስታ መጭመቅ ነው። ያልበሰለው ጎማ የሚፈለገው ቅርጽ በተቆረጠበት ብረት ውስጥ እየተገፋ ይወጣና በሙቀት ይበስላል። ከዚያም በሜትር ይሸጣል። የሚያስፈልገው ብረት ቀላል ስለሆነ መነሻ ወጪው ዝቅተኛ ነው። ጎማው ከቀዳዳው ሲወጣ ስለሚያብጥ ግን ትክክለኛው ቅርጽ የሚገኘው ከተደጋጋሚ ሙከራ በኋላ ነው።

ሁለተኛው መንገድ «ሞልድ» በሚባለው ቅርጽ ማውጫ ውስጥ በፕሬስ መጫን ነው። ማዕዘን ያላቸው፣ ወፍራምና ቀጭን ቦታ ያላቸው፣ እንዲሁም የፍሬን ጎሚኒዎች በዚህ ይሠራሉ። ሞልዱ ከብረት ተፈልፍሎ ስለሚዘጋጅ ወጪው ከባድ ነው። የፓራብሬዛ ጎማ ብዙውን ጊዜ ሁለቱን ያጣምራል፤ ቀጥታው ክፍል ተጨምቆ ይወጣና ማዕዘኑ በሞልድ ይጋጠማል። በርካሽ ዕቃ ላይ ቀድሞ የሚከፈተውም ይህ መጋጠሚያ ነው።

በቅርብ ዓመታት አሮጌውን ዕቃ በሌዘር አንብቦ በኮምፒዩተር መሳል የተለመደ ሆኗል። ይህ ጊዜ ይቆጥባል፤ ዋናውን ችግር ግን አይፈታም። ሃምሳ ዓመት በመኪና ላይ የኖረ ጎማ ተኮማትሯል፣ ደርቋል፣ በአንድ ጎን ተጨፍልቋል። እርሱን አስመስሎ የሠራ ሰው የሚያወጣው የአሮጌውን በሽታ የያዘ አዲስ ዕቃ ነው። በዚህ ላይ ጎማ ከሞልድ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ በመጠኑ ስለሚኮማተር፣ ሞልዱ ከሚፈለገው ልክ በዚያው መጠን ሰፋ ብሎ መሠራት አለበት። ቅጂ ተገልብጦ ሌላ ቅጂ ሲሠራ ደግሞ ልኩ ይበልጥ ያንሳል። ዕውቀቱ ያለው አምራች ስለዚህ ከጎማው በፊት መኪናውን ይለካል። የላሜራውን ጠርዝ ውፍረት፣ የመስታወቱን ውፍረትና በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት መዝግቦ ጎማውን ለክፍተቱ ይሠራል።

አንድ ስም፣ ብዙ ልክ

በዚህ ንግድ ውስጥ ከሁሉ የሚበዛው ኪሳራ የሚመጣው ከጥራት ጉድለት ሳይሆን ከልክ ስህተት ነው። «የቮልስ የፊት መስታወት ጎማ» የሚባል አንድ ዕቃ የለም። የቢትል ፓራብሬዛ በ1958 እ.ኤ.አ. ሞዴል ሰፋ፤ በ1965 ሞዴል እንደገና ሰፋ፤ በ1973 ሞዴል በወጣችው 1303 ላይ ደግሞ ጎበጥ ያለ ሆነ። የኋላው መስታወትም በ1972 ሞዴል ከፍ ብሏል። በዚህ ላይ የኒኬል ጌጥ የሚያስገባ ቦይ ያለውና የሌለው ጎማ አለ። ለ1964 ሞዴል የተሠራ ጎማ ለ1965 አይሆንም፤ ሳጥኑ ላይ ግን የሚጻፈው አንዱም ሌላውም «ቢትል» ሊሆን ይችላል።

በዚህ ምክንያት በሶማሌ ተራም ሆነ በሌላ ቦታ ዕቃ የሚያፈላልግ ደላላ ከመኪናው ስም ይልቅ የሻንሲ ቁጥሩን፣ የተመረተበትን ዓመት፣ የመስታወቱን ስፋትና ከፍታ ይዞ ቢሄድ ተመላሽ ዕቃ ይቀንሳል። አሮጌው ጎማ ከተገኘ ደግሞ አንድ ጣት የምታህል ቁራጭ ተቆርጣ ጎኗ ቢታይ ከረጅም ማብራሪያ ይበልጣል።

መጥኖ መደቆስ

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። ቁጥሮቹ ለማሳያ ብቻ የተወሰዱ ናቸው። የአንድ ፓራብሬዛ ጎማ ሞልድ 240,000 ብር ቢያስወጣና ለእያንዳንዱ ፍሬ ቁስና የእጅ ዋጋ 900 ብር ቢሆን፣ 40 ፍሬ ያዘዘ ሰው ለአንዱ 6,900 ብር ያወጣል። 400 ያዘዘ 1,500 ብር፣ 2,000 ያዘዘ ደግሞ 1,020 ብር ብቻ ያወጣል። ነጋዴውን ወደ ብዛት የሚስበው ይህ ልዩነት ነው። ወጥመዱም እዚሁ ነው።

400 ፍሬ ያዘዘው ነጋዴ 600,000 ብር አሥሯል። አንዱን በ3,000 ብር ቢሸጥ ወጪውን የሚመልሰው 200 ፍሬ ሲሸጥ ነው። በዓመት 50 ፍሬ የሚወስድ ገበያ ካለው ወጪው የሚመለሰው በ4 ዓመት፣ ዕቃው የሚያልቀው ደግሞ በ8 ዓመት ነው። እዚህ ላይ የቁሱ ጉዳይ ይመለሳል። ዓለም አቀፉ የጎማ ምርቶች አቀማመጥ መመሪያ አይኤስኦ 2230 ለተፈጥሮ ጎማ የሚሰጠው የመጀመሪያ የመጋዘን ዕድሜ 5 ዓመት ሲሆን፣ ለናይትራይል 7፣ ለኢፒዲኤም ደግሞ 10 ዓመት ነው። ይህም ዕቃው በቀዝቃዛ፣ ጨለማና ደረቅ ቦታ ሳይወጠርና ሳይታጠፍ ከተቀመጠ ነው።

በመሆኑም ያው 400 ፍሬ በተፈጥሮ ጎማ ቢሠራ በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ 250 ተሸጦ 150 ፍሬ ጊዜው ያልፍበታል። ገቢው 750,000 ብር ስለሚሆን ትርፉ 150,000 ብር ነው። የመጋዘን ኪራይ፣ ግብርና የታሰረው ገንዘብ ወለድ ሲቀነስ የሚተርፈው ጥቂት ይሆናል። በኢፒዲኤም ቢሠራ ግን ሁሉም በ8 ዓመት ውስጥ ሊሸጥ ስለሚችል ገቢው 1,200,000፣ ትርፉም 600,000 ብር ይደርሳል። የኢፒዲኤሙ ቁስ ለአንድ ፍሬ 200 ብር ቢጨምር እንኳ ትርፉ 520,000 ብር ነው። የቁስ ምርጫ የመካኒክ ብቻ ሳይሆን የሂሳብ ሠራተኛም ጉዳይ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

አደጋውን ለመቀነስ የሚረዳ ሌላም መንገድ አለ። በሜትር የሚሸጠውና ለብዙ ሞዴል የሚሆነው የበር ጎማና የጠርዝ ጎማ መነሻ ወጪው ዝቅ ስለሚል ከእርሱ መጀመር ይቻላል። ለሞልድ ዕቃ ደግሞ ከጋራዦችና ከመኪና ባለቤቶች ቀብድ አስቀድሞ ሰብስቦ፣ ትእዛዙ የሞልዱን ወጪ ሲሸፍን ብቻ ማሠራት ነው። እዚህ ላይ ደላላው ከኮሚሽን በላይ የሚጠቅም ሰው ይሆናል፤ በየሰፈሩ ስንት መኪና የትኛውን ልክ እንደሚፈልግ የሚያውቀው እርሱ ነውና።

ፍሬን ላይ ቀልድ የለም

የበር ጎማ ቢበላሽ ውኃ ያስገባል። የፍሬን ጎሚኒ ቢበላሽ ሰው ይገድላል። ዶት 3 እና ዶት 4 የተባሉት የተለመዱ የፍሬን ዘይቶች ስማቸው ዘይት ይሁን እንጂ መሠረታቸው ግላይኮል የተባለ ኬሚካል ነው። ለእነርሱ የሚስማማው ኢፒዲኤም ወይም ኤስቢአር የተባለው ጎማ ነው። ናይትራይል በዚህ ፈሳሽ ውስጥ አይበረክትም። በተቃራኒው እንደ ሲትሮየን ዲኤስ ያሉ መኪኖች የኋላ ሞዴሎች የሚጠቀሙት አረንጓዴ ማዕድን ዘይት ኢፒዲኤምን ያሳብጠዋል። ያበጠ ጎሚኒ ፍሬኑን ይይዛል ወይም ግፊቱን ይለቃል።

ሁለቱም ጎማዎች ጥቁር ናቸው። ክብና ትንሽ ናቸው። በዓይን አይለዩም። ስለዚህ የፍሬን ጎሚኒ ያለ ስምና ያለ ቁስ መግለጫ በኪሎ እየተገዛ የሚሸጥ ዕቃ መሆን የለበትም። የተረፈ ናሙና ያለው ነጋዴ አንዱን ፍሬ ሠውቶ በሞተር ዘይት ውስጥ ለጥቂት ቀናት ቢያስቀምጠው ናይትራይሉ ቅርጹን ሲጠብቅ ኢፒዲኤሙ በግልጽ ያብጣል። ይህ ቀላል ሙከራ የላቦራቶሪን ቦታ አይተካም፤ የተቀላቀለ ሣጥንን ግን ያጋልጣል። የፍሬን ዕቃን በቤንዚን ወይም በናፍጣ አጥቦ መግጠምም በዚሁ ምክንያት አዲሱን ጎሚኒ ገና ሳይሠራ ያበላሸዋል።

«ያልተነካ» የድሮ ዕቃ

በገበያው ከፍተኛ ዋጋ የሚጠራበት ሌላው ዕቃ ከነካርቶኑ የተገኘ፣ የፋብሪካው ምልክት ያለበትና ተገጥሞ የማያውቅ ጎማ ነው። ለብረት፣ ለመብራትና ለጌጥ ዕቃ ይህ ትክክለኛ ሀብት ነው። ለጎማ ግን አይደለም። ጎማ የሚያረጀው በመሥራት ብቻ ሳይሆን በመቀመጥም ነው። ከአርባ ዓመት በፊት የተመረተ ጎሚኒ ካርቶኑ ቢያብረቀርቅም ዕድሜው አርባ ዓመት ነው። ይህን ዕቃ ለናሙናነት መግዛት ብልህነት ነው፤ ለመግጠም መግዛት ግን ገንዘብን መጣል፣ በፍሬን ላይ ሲሆን ደግሞ ነፍስን ማስያዝ ነው።

በሌላ በኩል አዲስ የተሠራውን ዕቃ በመኪና ፋብሪካው ምልክት ማሸግ የባሰ ጥፋት ነው። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የሌላን ሰው ምልክት ያለፈቃድ መጠቀምን ይከለክላል። በራስ ስም ወጥቶ «ለዚህ ሞዴል የሚሆን» ብሎ መሸጥና «ኦሪጅናል ነው» ብሎ መሸጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ገበያው «ታይዋን» እያለ የሚንቀው ዕቃ ስሙ የጠፋው በአገሩ ሳይሆን በውሸቱ ነው። በራሱ ስም የወጣና ዝናብ ያላስገባ ጎማ ደንበኛ ያፈራል።

ከመክፈል በፊት

ዕቃ የሚረከብ ነጋዴ ጥቂት ነገሮችን ቢመረምር ብዙ ክርክር ይቀርለታል። የቁሱ ስምና የተመረተበት ወርና ዓመት በጽሑፍ ይጠየቅ። የጥንካሬው ልክ፣ ማለትም ሾር ኤ የሚባለው ቁጥር፣ ከአሮጌው ናሙና ላልደረቀ ክፍል ጋር ይነጻጸር፤ ከልኩ የጠነከረ የበር ጎማ በሩን አያዘጋም፣ ከልኩ የለሰለሰ የፓራብሬዛ ጎማ ደግሞ መስታወቱን አይዝም። ማዕዘኑ ተጎትቶ መጋጠሚያው ይታይ። የበሩ ስፖንጅ ጎማ በሩብ ያህል ተጨፍልቆ ሙቀት ባለበት ቦታ አንድ ቀን ይደር፤ ሲለቀቅ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ካልተመለሰ በሩ ላይም አይመለስም። ከሁሉ በላይ ከጠቅላላው ትእዛዝ በፊት አንድ ፍሬ በእውነተኛ መኪና ላይ ተገጥሞ ውኃ ይፈስበት። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ የ400 ፍሬ ስህተት ያድናል።

የጎማ ንግድ ለሚያውቀው ትንሽ ዕቃ ይዞ ትልቅ መኪና የማዳን ሥራ ነው። ቁሱን ለቦታው፣ ልኩን ለዓመቱ፣ ብዛቱን ለገበያው ያስማማ ነጋዴ ፋብሪካው የተወውን ገበያ ሊይዝ ይችላል። የመኪናው ባለቤት ደግሞ ክረምቱ ሳይገባ ማዕዘኖቹን በጣቱ ቢፈትሽ አይጎዳም። ስንጥቅ ካገኘ ላሜራው ከመበላቱ በፊት ማስቀየሩ ይሻለዋል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።